«ዘንቢሌ ለምን ተሰነጠቀ?»፦ የባቲዋ ሰሌን ሠሪ ለአንባቢያን ይመልሳሉ

ደብዳቤ የምታነብልኝ የልጄ ልጅ ናት። እኔ እጄ ላይ ያለውን እየጎነጎንኩ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ነገር ሳስረዝም «እማ፣ ቦታ የለም» ትለኛለች፤ ዝም እላታለሁ። ባለፈው ዕትም ባቲ ውስጥ ሰሌንና ዘንቢል እንደምሠራ ከወጣ ወዲህ የደረሰኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ዘንባባ ስለሆነ፣ የዛሬው ዓምድ በሙሉ እዚያው ላይ ነው። የሞሰብና የአለላ ጥያቄ የላካችሁ ታገሡኝ። ሰንደዶና አክርማ ሌላ ሙያ ነው፤ እሱን ከኔ በላይ የሚያውቁ ጎረቤቶች አሉኝ፣ ጠይቄ እመልሳለሁ።

እማማ፣ ዓምና ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ በሄድኩበት ከመንገድ ዳር ሁለት ዘንቢል ገዛሁ። አንዱን ገበያ የወሰድኩት ስድስት ሰባት ጊዜ ቢሆን ነው፤ እጀታው ሥር ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን አጣጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼው ነበር፣ ክረምት ላይ ሳወጣው ሻጋታ ለብሷል። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የሠሪው?
*ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ*

ልጄ፣ የሁለታችሁም ነው። ከሠሪው ልጀምር።

የዘንባባ ቅጠል ለጉንጉን የሚቆረጠው ሳይከፈት ነው። ከዛፉ አናት መሃል ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ እንደ ታጠፈ ዣንጥላ ተጣብቆ። ውስጡን ፀሐይ ስላላየው ወደ ነጭ የሚያደላ ቢጫ ነው፤ በጥፍርሽ ስትሰነጥቂው ሳይንገራገር እስከ ጫፉ ይከተልሻል። ተከፍቶ አረንጓዴ ከሆነ በኋላ የተቆረጠው ግን ለመጥረጊያና ለገመድ እንጂ ለዘንቢል አይሆንም። ስትጎነጉኝው እሺ ይላል። ከወራት በኋላ መታጠፊያው ላይ ቀጭ ይላል።

ያልተከፈተው ውድ ስለሆነ አንዳንዱ ሠሪ ይቀላቅላል። ፊት ለፊት የሚታየውን ከነጩ፣ ከእጀታ ሥርና ከቂጡ ያለውን ከአረንጓዴው። አንቺም የተሰነጠቀብሽ እጀታው ሥር ነው ያልሽው። ሌላም ነገር አለ፦ ዘንቢሉን ገልብጪና ቂጡን እዪው። የእጀታው ገመድ በጎን ወርዶ፣ በቂጡ ሥር አልፎ፣ በሌላው ጎን ከወጣ ሸክሙን የሚሸከመው ገመዱ ነው። አፉ ላይ ብቻ ተሰፍቶ የቆመ ከሆነ ግን አሥር ኪሎ ሽንኩርት የሚንጠለጠለው በሁለት ጣት ስፋት ቅጠል ላይ ነው። እንዲህ ያለው ዘንቢል የሚሠራው ለሳሎን ግድግዳ እንጂ ለገበያ አይደለም፣ ምንም እንኳ ሲሸጥልሽ ይህን ባይነግርሽም።

ስትገዢ ደግሞ ወደ ብርሃን አንሺው። በጉንጉኑ ዐይኖች መሃል ፀሐይ ካየሽ፣ ቅጠሉ ከመጠን በላይ ረጥቦ ነው የተጎነጎነው። እርጥብ ቅጠል ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸሽና ቀዳዳ ይተዋል። እኔ ማታ በውሃ አርሼ በተነከረ ጆንያ እጠቀልለዋለሁ፤ ሲነጋ ለስላሳ ነው፣ ግን ሳወጣው እጄን አያረጥበውም። የምፈልገው ያንን ነው። ልጅ ሳለሁ ይህን የነገረችኝ የለም። ከቤታችን ግቢ ሰኞ ሰኞ ግመሏን የምታሥር አንዲት አፋር ነበረች፤ ቅጠል ትሸጥልንና ገበያው እስኪበተን እኛ ጋ ታርፋለች። እኔ ባልዲ ውስጥ የዘፈዘፍኩትን ቅጠል አውጥታ ጉንጬ ላይ ለጠፈችው። ቀዘቀዘኝ። ከዚያ የራሷን ለጠፈችልኝ፤ አልቀዘቀዘኝም። አማርኛዋ ትንሽ ነበር፣ የኔ አፋርኛ ጭራሽ አልነበረም፣ ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። አሁንም ቅጠሌን የምፈትሸው ጉንጬ ላይ ነው።

ያንቺ ጥፋት ደግሞ ደረቁን ማጠፍሽ ነው። ደረቅ የዘንባባ ሥራ አይታጠፍም። ማጠፍ ካለብሽ መታጠፊያውን በእጅሽ ውሃ ርጪበት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቂ፣ ከዚያ እጠፊ። ቁም ሣጥንም ጠላቱ ነው። ማእድ ቤት ጭስና ንፋስ ባለበት ተሰቅሎ ቢውል ይሻለዋል። ሻጋታውን በደረቅ ብሩሽ ወደ ውጭ አራግፊው፣ ከዚያ በጥቂት ኮምጣጤና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠርገሽ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ አውዪው። ቀኑን ሙሉ አትተዪው፣ ያደርቀዋል። በሳሙና ዘፍዝፈሽ ብታጥቢው ቀለሙ ይወርዳል፤ የዘንድሮ ቀለም ከሱቅ የሚገዛ ዱቄት ነው፣ ቀዩ በተለይ ይለቃል።

የተሰነጠቀው ይጠገናል። አዲስ ገመድ በቂጡ ሥር አሳልፊበት። ለዚህ ወስፌና ጠንካራ ሲባጎ ይበቃሻል።

ይከበሩ፣ ከባለቤቴ ጋር የተከራከርንበትን ነገር ይፍቱልን። እኔ የሰሌን ቅጠልና ለሆሳዕና የምናሥረው ዘንባባ አንድ ነው እላለሁ፤ እሷ የአፋሩ ሌላ ዛፍ ነው ትላለች። ልጃችን ደግሞ ሁለቱም ተምር ናቸው ብሎ ገላገለን።
*ከኮምቦልቻ፣ ጡረተኛ መምህር*

ባለቤትዎ ረትተዋል፣ ይቅርታዎን ይጠይቁ።

ደጋው ላይ በወንዝ ዳር የሚበቅለው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ሜጢ የሚሉት ዘንባባ ቅጠሉ እንደ ላባ ነው፤ መሃል ላይ አንድ ዘንግ፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጠባብ ቅጠሎች። ለሆሳዕና ግንባር ላይ የሚጠመጠመው፣ ልጆች ቀለበትና መስቀል የሚሠሩበት ይህ ነው። ተምርም ቅጠሉ ላባ ስለሆነ ልጅዎ ግማሽ እውነት አለው፤ ሁለቱ የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው። የአፋሩ ግን ቅጠሉ ማራገቢያ ነው፣ እንደ መዳፍ ይከፈታል። ግንዱም ለሁለት ይከፈላል፣ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። ዘንባባ ሆኖ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ብዙ የለም። ትግርኛ ተናጋሪዎች አርኮብኮባይ ይሉታል፣ ዓረቦች ዶም። ፍሬው ቡናማ ነው፤ ልጆች ልጣጩን ይግጡታል። ውስጡ ያለው ዘር ድንጋይ ነው። በጣሊያን ጊዜ ኤርትራ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ይሠራበት ነበር።

የመዳፉ ቅጠል ረዘም ያለ ስንጣቂ ይሰጣል። ሰሌን የምሠራው በሱ ነው። ከላባው ቅጠል ሰሌን አይሠራም ማለቴ አይደለም፣ ይሠራል፤ ግን ቶሎ ቶሎ ቅጠል መቀጠል አለብዎት፣ ቅጥያ በበዛ ቁጥር ጀርባው ይጎረብጣል።

ክርክሩ ካላለቀ ሆሳዕና ሲደርስ አንዱን ዝንጣፊ ከሰሌኑ ቅጠል ጎን አድርገው ያሳዩአቸው። እኔ እስላም ነኝ፣ ግን የሰፈሩ ልጆች የሆሳዕና ቀለበት አጎነጓጎን የሚማሩት ከኔ በረንዳ ነው። የእህቴ ልጆችም ክርስቲያኖች ናቸው፤ ወሎ ውስጥ ይህ የሚያስደንቀው ሰው የለም።

እትዬ፣ ሻርጃ በሰው ቤት እሠራለሁ፤ አራተኛ ዓመቴ ነው። እመቤቴ ልጆቹን የባህል ትርኢት ስትወስድ አብሬ ሄጄ አሮጊቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ከተምር ቅጠል ዘንቢልና ምንጣፍ ሲሠሩ አየሁ። ሰው ከቦ ፎቶ ያነሳቸዋል። እኔ የሐርቡ ልጅ ነኝ፤ አያቴ ይህንኑ ትሠራ ነበር፣ ማንም ፎቶ አንስቷት አያውቅም። አለቀስኩ። አገሬ ስመለስ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ሴቶች ሰብስቤ ዘንቢል ማሠራትና ወደ ውጭ መላክ አስቤያለሁ። ያዋጣል? እውነቱን ንገሪኝ።
*ከሻርጃ*

እህቴ፣ ያለቀስሽው ገብቶኛል። የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ ስታነብልኝ፣ የተምር ዛፍ እውቀትና ሙያ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ሲመዘገብ 14 የዓረብ አገሮች ናቸው አብረው ያስመዘገቡት፤ ኤምሬትስም፣ ጎረቤታችን ሱዳንም፣ የመንም አሉበት። በ2022 ኳታርም ገባች። ያየሻቸው አሮጊቶች ሥራቸውን ኹስ ይሉታል፣ ቅጠሉ ማለት ነው። አሠራሩ ከኛ ጋር ወንድምና እህት ነው፦ መጀመሪያ ጠባብ ጉንጉን ይጎነጎናል፣ ከዚያ ጠርዝ ከጠርዝ ተሰፍቶ ይያያዛል። ዘንቢል ከሆነ ጉንጉኑ ከቂጥ ጀምሮ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ይወጣል፤ ሰሌን ከሆነ ጎን ለጎን ይደረደራል።

ያዋጣል ወይ ላልሽው ግን ሒሳቡን ልንገርሽ፣ ከዚያ አንቺው ፍረጂ።

አራት ጣት ስፋት ባለው ጉንጉን መካከለኛ ዘንቢል ለመሥራት አሥራ አምስት ክንድ ያህል መጎንጎን አለብኝ። ቤት እየጠረግሁ፣ ወጥ እየሠራሁ ሁለት ቀን ነው። መስፋቱ፣ እጀታውና ገመዱ ሌላ አንድ ቀን። ሦስት ቀን ማለት ነው። አንድ ሰው የሚተኛበት ሰሌን ደግሞ ሃምሳ ክንድ ጉንጉን ይበላል፤ እሱን በሳምንት ከጨረስኩ እግሬ ሰው አልጠየቀም፣ ለቅሶ አልደረሰም ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ቅጠሉ ደርቆ፣ ተመርጦ፣ ተሰንጥቆ ከቀረበ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ የሚቆጥረው እጅን ነው። ቅጠሉን የሚቆጥር የለም።

ቅጠሉ ከሚሌ መንገድ ከዚያ ወዲያ ነው የሚመጣልኝ። ድሮ በግመል ነበር፣ ዛሬ በአይሱዙ ነው። ነጋዴዋ አፋር ወይም የአፋር ጉርብትና ያላት ሴት ናት። በየዓመቱ እስሩ እየቀጠነ ዋጋው እየወፈረ ነው። አንዱ ምክንያት በደርግ ጊዜ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ ነው፤ እሾሃማው ዛፍ አዋሽ ዳሩን ወሮ የግጦሹንም የዘንባባውንም ቦታ ይዞታል። ሌላው አናቱን ቆርጠው ጭማቂውን ለመጠጥ የሚያንጠባጥቡ ናቸው። ዘንባባ ከአንድ ግንድ ላይ የሚያድግበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ አናቱ። እሱ ከተቆረጠ ያ ግንድ አያቆጠቁጥም። እኛም ብንሆን ቅጠል ቆራጮቹ ሲስገበገቡ ከአንድ አናት ሁለት ሦስቱን ያልተከፈተ ቅጠል ባንዴ ያወጣሉ። አንዱን ወስደሽ የሚቀጥለውን ተከፍቶ ዛፉን እንዲመግብ መተው አለብሽ። ይህን ለነጋዴዋ ስነግራት «ዘንድሮ ካልቆረጥኩት ሌላው ይቆርጠዋል» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ገንዘብሽን ይዘሽ ስትመጪ መጀመሪያ የምትፈልጊው ሴቶችን አይደለም። ጎንጓኝ ሴት ባቲም፣ ሰንበቴም፣ ከሚሴም ታገኛለሽ። ቅጠሉን ከየት፣ ከማን፣ በምን ያህል ጊዜ እንደምታገኚ እወቂ። ሸኻችን ስለ ሰልማን አል-ፋሪሲ የነገሩንን ልንገርሽ። የነቢዩ ባልደረባ ናቸው፤ የመዳኢን ከተማ ገዢ ሆነውም በእጃቸው የዘንባባ ቅጠል እየጎነጎኑ ነበር የሚኖሩት ይባላል። ቅጠሉን በአንድ ዲርሃም ገዝተው ሥራውን በሦስት ይሸጣሉ። አንዱን ለቅጠል ይመልሳሉ፣ አንዱን ለቤተሰብ፣ አንዱን ለሰደቃ። አየሽ፣ መጀመሪያ የተነሳው የቅጠሉ ዲርሃም ነው። እኔ ዛሬ ሦስት እጥፍ ከሸጥኩ ዒድ ነው። ደንበኛው የሚጠራልኝ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ እጥፍ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ በሦስት ቀን ስትካፈይው የአንድ የቀን ሠራተኛ ምሳና ሻይ አይሆንም።

«ወደ ውጭ መላክ» ስላልሽው ደግሞ ቁስል አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት መጣ፣ ስሙን አልጠራም። ሃያ ሴቶች ሰበሰበን፣ ለአምስት ቀን አሠለጠነን። ያሠለጠኑን ምን መሰለሽ? ጉንጉን! ልጅቷ ከእኔ ተምራ ለእኔ ታስተምረኝ ነበር። ቲሸርትና ሰርተፊኬት ተሰጠን። ከዚያ ሁለት መቶ ቦርሳ አዘዙ፦ ውስጡ ገበር ያለው፣ ዚፕ ያለው፣ ቀለሙም በወረቀት ላይ በታተመው ልክ። ቅጠሉን በዱቤ አመጣን። ሰማንያውን ወሰዱ፣ ከፈሉ። ለቀሪው ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም አሉ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ መጥራቱንም ተወ። ያ ቦርሳ ዛሬም ባቲ ውስጥ በየቤቱ የሽንኩርት ማስቀመጫ ነው። ዚፑ ግን ጥሩ ነበር፣ እውነቱን መናገር አለብኝ።

ያዘዘሽ ሰው የቅጠሉን ዋጋ በቅድሚያ ካልከፈለ አትጀምሪለት። ይህ ብቻ ቢገባሽ ሃያ ሴት ከዕዳ ታድኛለሽ።

እስከዚያው ሻርጃ እያለሽ፣ የዕረፍት ቀን ካለሽና እመቤትሽ ከፈቀደች፣ ካየሻቸው አሮጊቶች ከአንዷ ሥር ቁጭ በይ። ቋንቋው አለሽ። ይዘሽ የምትመጪው ዕቃ ሳይሆን እጅ ይሁን፤ እጅ ኪሎ አይመዘንም፣ ቀረጥም የለበትም። ስትመለሺ አሥር ዘንቢል በራስሽ እጅ ሠርተሽ በራስሽ አፍ ሽጪ። አሥረኛውን ስትሸጪ ያዋጣል አያዋጣም ብለሽ እኔን አትጠይቂም።

ፌስታል ሊቀር ነው ተባለ። ሱቅ አለኝ፤ ዘንቢል ባመጣ ይሸጣል ብለው ያምናሉ?
*ከደብረ ብርሃን*

ወንድሜ፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። እኔ ወሬውን በሬዲዮ ሰምቼ ቅጠል አከማቸሁ። ፌስታሉ ቀጠለ፣ ቅጠሌን ምስጥ በላው። በ2017 ደግሞ ሕዝብ ተወካዮች ጠንከር ያለውን አጸደቁ፤ በዚህኛው የያዘውም ሰው ይቀጣል ይላሉ። ኢንሻአላህ ይሁን። ግን ፌስታልን የሚተካው ዘንቢል ነው ብለህ ቅጠል አታከማች፤ ባቲ ገበያ ላይ የማየው ከማዳበሪያ ተሰፍቶ በሩብ ዋጋ የሚሸጠውን ነው። እኔ ራሴ ጤፍ ላስፈጭ ስሄድ የምይዘው እሱን ነው፣ ዱቄት አያሾልክም። አምስት ዘንቢል ወስደህ በር ላይ ስቀል። ካለቀ ሌላ አምስት።

ወንድ ልጅ ነኝ፣ 19 ዓመቴ። ከእናቴ አይቼ መጎንጎን ለመድኩ፣ ከእሷም እፈጥናለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።
*ከሸዋ ሮቢት*

የሰልማንን ታሪክ ከላይ አንብብላቸው። ክርስቲያኖች ከሆኑ ደግሞ ቄሳቸውን ስለ አባ ጳውሊ ይጠይቁ፤ በበረሃ ሲኖሩ ልብሳቸው የዘንባባ ቅጠል ነበር፣ የግብፅ በረሃ መነኮሳትም የእጅ ሥራቸው ሰሌንና ዘንቢል ነበር ይባላል። አፋር አገር ሥራው የሴት ነው፣ እውነት ነው። ቤቱንም፣ አሪ የሚሉትን ክብ ቤት፣ የምትተክለውና ሰሌኑን አልብሳ የምታቆመው እሷው ናት፤ ሲጓዙም አፍርሳ ግመል ላይ የምትጭነው እሷ ናት። ይህን ያየ ሰው የሴት ሥራ ብሎ የሚስቅበትን ምክንያት አላገኘሁትም። ከናትህ የምትፈጥን ከሆነ ግን ጉንጉንህን ወደ ብርሃን አንሳው። ፍጥነት ዐይን ያሰፋል።

እማማ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። አያቴ 87 ዓመቷ ነው፣ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። አልጋዋ ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ አዲስ ሰሌን አግኝቼ በርበሬ አሰጣሁበት። ስታይ ምንም አላለችም። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፣ ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም። እናቴ ኋላ ነው የነገረችኝ፣ ለመቀበሪያዋ ያስቀመጠችው ነው። አዲስ ገዝቼ ብሰጣት «ሙቺ» ማለት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።
*ከደሴ*

ልጄ፣ ስቄ ነበር፤ የልጅ ልጄ «አትሳቂ፣ ሰውየዋ ተጨንቃለች» ብላ ተቆጣችኝ።

አትፍሪ። አያትሽ ሰሌኑን ስትገዛ ሞትን ጠርታ አይደለም። በክርስቲያኑ ወግ አስከሬን በሰሌን ተጠቅልሎ ሲቀበር ኖሯል፤ ዛሬ ሣጥን በዝቶም ቢሆን የድሮ ሰው ሰሌኑን ይፈልጋል። የራሱን ሰሌን አስቀድሞ የገዛ ሰው ልጆቹ በዚያ ቀን ገበያ ለገበያ እንዳይሯሯጡ ብሎ ነው፣ የሰው እጅ እንዳያዩ።

ከእኔ ግድግዳ ቀጥሎ የምትኖር ክርስቲያን ጎረቤት ነበረችኝ፤ እንጀራዋን አብሬ የበላሁ፣ ልጆቼን ያጠበች። አንድ ቀን መጣችና «የኔን ሥሪልኝ፣ ከሌላ አልገዛም» አለችኝ። እምቢ አልኳት። ሁለት ወር ተኮራረፍን። ከዚያ ጀመርኩላት። አልቆ ግቢ ውስጥ ስዘረጋው ጫማዋን አውልቃ ላዩ ላይ ተኛች፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ። እግሯ ወጣ። «አሳጠርሽው፣ ቅጠል ቆጠብሽብኝ» ብላ እዚያው እንደተኛች ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ልጆቿ ከውስጥ ወጥተው ሲያዩን ግራ ገባቸው። ሁለት ክንድ ቀጠልኩበት። ቅጥያው ይታይ ነበር፤ የኋለኛው ቅጠል ከሌላ እስር ስለሆነ ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል። ፈትቼ ልሥራው ስላት «ተይው፣ ማን ያየዋል» አለች። ዘጠኝ ዓመት አልጋዋ ሥር ኖረ። በየክረምቱ አውጥታ ታናፍሰው ነበር፤ ምስጥ እንዳይገባው ጥላሸት ትነሰንስበታለች። ቀኑ ሲደርስ ሲያወጡት ቅጥያውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አያትሽ ዝም ያለችሽ ሰሌኑ ስለቆሸሸ አይመስለኝም። ሳትጠይቂያት ስላወጣሽው ነው። በርበሬ የነካው ሰሌን ሽታው አይለቅም፣ አጥቤ እመልሳለሁ እንዳትዪ። እሱ የቤቱ ስጥ ማስጫ ሆኖ ይቅር። ቡና አፍልተሽ አጠገቧ ተቀመጪና ስለ ሞት ሳታነሺ ርዝመቱን ጠይቂያት፦ «ስንት ክንድ ነበር? ጠርዙ ቀለም አለው? ከማን ነበር የገዛሽው?» ትመልስልሻለች፤ ስለ ዕቃ ጥራት ዝም የሚል የድሮ ሰው የለም። ከዚያ ገበያ ይዘሻት ሂጂ። እግሯ የማይችል ከሆነ ሁለት ሦስት ሰሌን ቤት ድረስ አስመጥተሽ ታማርጥ። ወደ ብርሃን አንስታ ታየዋለች፣ ጠርዙን በጥፍሯ ትፈትሻለች፣ ውድ ነው ትላለች። ክፈዪ፣ አትከራከሪባት።

ብትፈልጊ እኔ እሠራላታለሁ። ቁመቷን በክር ለክተሽ ክሩን ላኪልኝ፣ ሁለት ክንድ ጨምሬበት እሠራለሁ።

በመጪው ወር ወደ ባቲ እመጣለሁ። የት ላግኝዎት?
*ከመቀሌ*

ሰኞ ና። ሌላ ቀን ባቲን አየሁ አትበል፤ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም፣ አማራውም የሚገናኘው ሰኞ ነው። ከከብቱ ተራ ወደ ታች ስትወርድ ሰሌን የተደገፈበት ግድግዳ ታያለህ፣ እዚያ ነኝ። ከእኩለ ቀን በፊት ድረስ። ከዚያ በኋላ ቅጠል ጫኟ አይሱዙ ትመጣለች፣ እስር ልመርጥ ስለምሄድ ወንበሬ ላይ የምታገኘው የልጅ ልጄን ነው። እሷ ዋጋ አትቀንስም።